በድሬዳዋ ሙቀት ዐቢይን መጾም፦ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መኝታ

ዐቢይ ጾም ድሬዳዋ ላይ የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ፀሐዩ እየበረታ በሚሄድበት ወቅት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ለለመደው ይቻላል። ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ከዘጠኝ በኋላ ነው፦ በባዶ ሆድ ቡና፣ በቡናው ላይ ዘይት የጠጣ ሳምቡሳ፣ ማታ ደግሞ ቀጭን ሽሮ። በሦስተኛው ሳምንት ራስ ምታቱ፣ ድርቀቱና ጨጓራው ሲመጣ «ጾሙ ጎዳኝ» ይባላል። ከዘጠኝ እስከ ማታ አራት ሰዓት ያለው ጊዜ በሥርዓት ከተያዘ ግን 55ቱን ቀን በጤና፣ ለጸሎትና ለስግደትም ጉልበት ተርፎ መጨረስ ይቻላል። እዚህ የምንጽፈው ስለ እነዚያ ሰዓታት ነው። ለፍልሰታም፣ ለነቢያት ጾምም፣ ለረቡዕና ዓርብም ይሠራል። ነቢዩ ዳንኤልን አብነት አድርገው 10 ወይም 21 ቀን ከሥጋ ተከልክለው ለሚጾሙ ወገኖችም ምግቡን በሚመለከት ያው ነው።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት

ንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ። ሰዓቱን እንደየሰው አቅም የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ ለአንዱ እስከ ዘጠኝ፣ ለሌላው እስከ ስድስት፣ ለደከመው ደግሞ ከጥሉላት (ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል) መከልከል ብቻ ይበቃል ሊሉ ይችላሉ። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ሕመምተኞች ከእህል ውሃ እንዲከለከሉ ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም። ይህን ፈቃድ እንደ ድክመት ቆጥረው የሚደብቁ እናቶች አሉ፤ አይደብቁት።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከንስሐ አባቱ ቀጥሎ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ጥያቄውም ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሆን ይመረጣል። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር ክኒን ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሳይበሉ መዋል የደም ስኳርን አደገኛ በሆነ መጠን ሊያወርድ ይችላል። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ፣ ወይም ላብ፣ መንቀጥቀጥና ድንገተኛ ግራ መጋባት ከመጣ ወዲያውኑ ጣፋጭ ነገር ይወሰዳል፤ ሰዓት አይጠበቅም። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱም በድሬ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ ከዋሉ ግፊታቸው ወርዶ ሊወድቁ ስለሚችሉ፣ የሚወስዱበትን ሰዓት ሐኪም ያስተካክልላቸው። የቲቢ መድኃኒት በጾም ምክንያት አይቋረጥም።

ቡና የሚያዘወትር ሰው ደግሞ ከዘወረደ (ከጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት) አንድ ሳምንት አስቀድሞ መቀነስ ይጀምር። በቀን አራት ስኒ የነበረው ወደ ሦስት፣ ከዚያ ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ አንድ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ራስ ምታት በአብዛኛው የረሃብ ሳይሆን ቡና በድንገት የመቋረጡ ነው።

ሸመታ

ለአንድ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው በቀን 120 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ ይያዙ። በ250 ሚሊ ሊትር የውሃ ብርጭቆ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል። ለ55 ቀን 6.6 ኪሎ፣ ለአምስት ሰው ቤተሰብ 33 ኪሎ ማለት ነው። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን የሥጋው፣ የእንቁላሉና የወተቱ ወጪ ቀርቷል፤ ከዚያ የተረፈውን ደግሞ በየሳምንቱ መጨረሻ ቆጥሮ ለተቸገረ መስጠት የጾሙ አካል ነው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ተጽፏልና፣ ገንዘቡ ወደ ሌላ ወጪ ሳይገባ ለብቻው በፖስታ ቢቀመጥ ጥሩ ነው።

ጥራጥሬውን ከፋፍለው ይግዙ፦ ክክ ምስር፣ ድፍን ምስር፣ አተር ክክ፣ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ አደንጓሬ። አንድ ዓይነት ብቻ ከሆነ ቤተሰቡ በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቻል፤ ሲሰለች ደግሞ ወደ ጥብስ ድንችና ወደ ቦምቦሊኖ ይሄዳል።

የተዘጋጀ ሽሮ ከገበያ ሲገዙ ከምን እንደተፈጨ ይጠይቁ። ጓያ ርካሽ ስለሆነ ከሽንብራና ከአተር ጋር ተቀላቅሎ ሊሸጥ ይችላል። ጓያን ለሁለት ሦስት ወር ዋና ምግብ አድርጎ መብላት እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል፣ ጉዳቱም አይድንም። ጾሙ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው መሆኑን ያስቡ። የሚታመነው ሽሮ ራስዎ ለቅመው፣ ቆልተውና ከክተው ወፍጮ ቤት ያስፈጩት ነው።

ለውዝ የአካባቢያችን በረከት ነው፤ የባቢሌ ለውዝ ከሐረርም ከድሬም ገበያ አይጠፋም። ከነገለባው ይግዙ፣ ሲፈለፍሉም የሻገተውን፣ የተጨማደደውንና ቀለሙ የጠቆረውን ይጣሉ። በሙቀትና በእርጥበት የተከማቸ ለውዝ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፤ መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የሚመር ፍሬ ሲያጋጥም ይተፋል እንጂ አይዋጥም።

ጎመንና ሌላ ቅጠል ቀፊራ ገበያ በጠዋት ይገዛል። ከሐረማያ በኩል የወረደው ቅጠል ረፋዱ ላይ ገና ጥርት ያለ ነው፤ ከቀትር በኋላ ይጠወልጋል። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ቢያስቀምጠው እስከ ማታ ይቆይለታል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ

ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀስ ብለው ይጠጡ። በረዶ የሆነ ውሃ በአንድ ትንፋሽ መገልበጥ ሆድ ይቆርጣል። ከውሃው ጋር ሦስት ፍሬ ተምር ወይም ግማሽ መካከለኛ ፓፓያ። ከዚያ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይታገሡ። ከቅዳሴ የመጡ ከሆነ የዕለቱን ምንባብ መለስ ብሎ ለማየት፣ ቤት የዋሉ ከሆነ ለውዳሴ ማርያም ይህች ጊዜ ትበቃለች። ለሰውነትም ጥቅም አላት፤ ጥቂት ጣፋጭ ከገባ በኋላ ረሃቡ ስለሚበርድ ሰው ከጠገበ በኋላ መብላት አይቀጥልም።

ዋናው ማዕድ አንድ እንጀራ፣ አንድ የውሃ ብርጭቆ ሙሉ የበሰለ ወፍራም የጥራጥሬ ወጥ፣ አንድ ጭልፋ ጎመን ወይም ሌላ ቅጠል፣ ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ። ቡና ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ይሁን። ቡናና ሻይ ከእህልና ከቅጠል የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ይከለክላሉ፤ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ዘይቱን (ጓቫ) ደግሞ ያግዛሉ። ደም ማነስ ያለባት ሴት በጾም ወራት ከዚህች አንድ ሰዓት ትዕግሥት የበለጠ ርካሽ ጥንቃቄ አታገኝም።

ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት በየ45 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ጋር አሥር ብርጭቆ፣ 2.5 ሊትር ይሆናል። ግንባታ ላይ የሚውል፣ ባጃጅ የሚነዳ ወይም ገበያ ላይ ፀሐይ የሚመታው ሰው ይጨምር። ሽንት ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው፤ የጠቆረ ከሆነ አልበቃም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ አንድ እፍኝ (30 ግራም) ለውዝና አንድ ፍሬ ማንጎ ወይም ሁለት መንደሪን፤ ወይም አንድ ብርጭቆ በሶ። ሁለት ሰዓት ላይ እራት፦ ሌላ ግማሽ ብርጭቆ ጥራጥሬ ከእንጀራ ጋር። የማሽላ እንጀራ ያላችሁ በዚህ ሰዓት ብሉት። ከመኝታ በፊት ንፍሮ ወይም ወፈር ያለ የገብስ አጥሚት ለነገው ቀን ረዘም ያለ ጉልበት ይሰጣል። ስኳር የበዛበት ሻይና ነጭ ዳቦ ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተንኖ ያልቃል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በቀን 48 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል። አንድ ተኩል ብርጭቆ የበሰለ ምስር 27 ግራም ገደማ፣ ሁለት መካከለኛ እንጀራ 20 ገደማ፣ አንድ እፍኝ ለውዝ 7። ሞላ፤ ሥጋ ሳይነካ።

ሽሮ ለምን አይበቃም

አንድ ብርጭቆ ሽሮ ዱቄት 120 ግራም ያህል ነው። ይህን በአንድ ሊትር ውሃ አቅጥኖ ለአራት ሰው ማቅረብ የተለመደ ነው። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 30 ግራም ዱቄት፣ ከዚያም የሚገኘው ፕሮቲን 6 ወይም 7 ግራም ብቻ ነው። ሽሮ እየበላ የደከመ ሰው በሽሮ አይደለም የደከመው፤ በውሃው ነው። ስለዚህ ሽሮ የቀረበ ዕለት ጎኑ ንፍሮ ወይም ምስር ይጨመር፣ ወይም ዱቄቱ በእጥፍ ሆኖ ይወፍር።

ለአራት ሰው ወፈር ያለ ሽሮ፦ ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፈው ያለ ዘይት 5 ደቂቃ ያቁላሉ፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና አራት ፍንካች የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ጨምረው ሌላ 5 ደቂቃ። 240 ግራም ምጥን ሽሮ በሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው ይበጥብጡ። ድስቱ ውስጥ አራት ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ሲፈላ ብጥብጡን እያማሰሉ ያፍስሱ። ዱቄቱ በቀጥታ ፈላ ውሃ ላይ ከተበተነ የውጩ ወዲያው ስለሚበስል ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይጓጉላል፤ ኋላ ምንም ቢማሰል አይፈታም። በዝግታ እሳት ለ25 ደቂቃ ይንተክተክ። ቶሎ የወረደ ሽሮ ጥሬ ጥሬ ይሸታል፣ ሆድም ይነፋል። አዮዲን ያለው ጨው መጨረሻ ላይ ይጨመር፤ ረጅም ጊዜ የፈላ አዮዲን ይቀንሳል። በዚሁ ምክንያት ጨው ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ።

ለድሬ አየር ከሁሉ የሚስማማው ግን አዚፋ ነው ብለን እናምናለን፤ በቀዝቃዛው ይበላል፣ ምድጃ ፊት ብዙ አያቆምም። 200 ግራም ድፍን ምስር ለ30 ደቂቃ ያህል ይቀቀል፤ በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ግን ሾርባ ያልሆነ። ይጠለልና ግማሹን በማንኪያ ጀርባ ይጨፍልቁት። አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ በሦስት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው 10 ደቂቃ ያቆዩ፤ ፈላ ውሃ ከተጨመረበት አፍንጫ የሚሰነፍጠው ኃይሉ ይሞታል፣ መራራነቱ ብቻ ይቀራል። ምስሩ ሲበርድ አንድ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት ቃሪያ፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሰናፍጩን ያዋህዱ።

አደንጓሬ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በተለይ ቀዩ ጥሬውን ወይም በከፊል ከበሰለ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። ሌሊቱን ዘፍዝፈው ውሃውን ይድፉ፤ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በኃይል ያፍሉት፤ ከዚያ እስኪለሰልስ በዝግታ ይብሰል። ሐረር ከፍታው ከድሬ ስለሚበልጥ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፤ እዚያ ጊዜው ይረዝማል። ድሬ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፦ የተዘፈዘፈ ጥራጥሬ በሙቀቱ አረፋ ያወጣና ይሸታል። ማታ አራት ሰዓት ዘፍዝፈው ንጋት ላይ ውሃውን ይቀይሩ፣ ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት። የዘፈዘፉበትን ውሃ መድፋት የሆድ መነፋትንም ይቀንሳል።

የበሰለ ወጥስ? አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ጠዋት የተሠራ ወጥ ለዘጠኝ ሰዓት ከተፈለገ ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ቶሎ አብርዶ ማቀዝቀዣ ማስገባት፣ ከዚያ እስኪንተከተክ ማሞቅ። ማቀዝቀዣ ከሌለ ከቀትር በኋላ ይሠራ።

ቅጠል፣ ቅባትና የሚጎድለው ነገር

ጎመንና ቆስጣ እኩል አይደሉም። ሁለቱም ብረትና ቫይታሚን አላቸው፤ ካልሲየም ግን ከጎመን ይገኛል፣ ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ከተባለ ነገር ጋር ስለተጣበቀ ሰውነት ብዙውን አይወስደውም። ወተት በቀረበት ወቅት በሳምንት አራት ቀን ጎመን ማለት ነው። ካሮት፣ ማንጎና ፓፓያ የቫይታሚን ኤ ምንጭ ናቸው፤ ካሮቱ ጥቂት ዘይት ካልነካው ግን ጥቅሙ ይቀንሳል።

ዘይት በሰው በቀን ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ አንዱ ማንኪያ ብቻ 120 ካሎሪ አለው። በጾም የሚወፍሩ ሰዎች የሚወፍሩት በዚህ ነው። ሐረር ብርድ ላይ የሚረጋው የፓልም ዘይት ድሬ ላይ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቆይ አይለይም፤ ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፣ ከተቻለም የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ይምረጡ። ተልባ ሲፈጭ ቶሎ ይቆመጥጣል፣ በሙቀት ደግሞ ይብሳል። በሳምንት የሚያልቅ ብቻ ያስፈጩ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ተበጥብጦ ሲጠጣ ድርቀትን ያስለቅቃል፤ ላዩ ላይ ሌላ ብርጭቆ ውሃ ካልተጠጣ ግን ራሱ ያደርቃል።

ከዕፅዋት የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 ነው። ጤነኛ ሰው ጉበቱ ውስጥ ያከማቸው ስላለ 55 ቀን አያሳጣውም። የሚያሰጋው አጽዋማቱን ሁሉ ጠብቆ፣ በፍስክ ቀንም እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ የማያገኝ ሰው ነው፤ የዓመቱ የጾም ቀን ተደምሮ ለምእመን 180 ገደማ ይደርሳልና። እግርና እጅ መደንዘዝ፣ የምላስ መቅላትና መቁሰል፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም ካለ በደም ምርመራ ይታያል። ክኒን ከተፈለገ ሽፋኑ ከእንስሳ የተሠራ ጄላቲን ሊሆን ስለሚችል ፋርማሲውን ይጠይቁ።

መንገድ ላይ

ድሬ ላይ የጎዳና ምግብ አይጎድልም፣ የጾም የሚመስለው ሁሉ ግን የጾም አይደለም። ፉል ላይ ቅቤ፣ እርጎ ወይም እንቁላል ይጨመራል፤ ሲያዝዙ «የጾም፣ በዘይት» ይበሉ። ፈጢራ በተለምዶ እንቁላል አለው። ሆጃ የሚባለው ትኩስ መጠጥም ወተት ይገባበታል። ብስኩትና የታሸገ ዳቦ ላይ የወተት ዱቄት መኖሩን ያንብቡ። በ2017 እና በ2018 እንደሆነው ዐቢይና ረመዳን ሲገጥሙ ከሰዓት በኋላ ሳምቡሳ በየመንገዱ ይጠበሳል፤ የምስሩና የሥጋው ብዙ ጊዜ በአንድ ዘይት ስለሚወጡ መጠየቅ ነውር የለውም። ሻጮቹም ጾመኞች ናቸውና ይገባቸዋል።

ሙቀት ሲጥል

የማዞር ስሜት፣ የጡንቻ መሸማቀቅ፣ የልብ ምት መፍጠን ሲመጣ ሰውየውን ጥላ ውስጥ አስተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉ፤ ውሃ ይስጡት። በቤት የሚዘጋጀው የስኳርና የጨው ውሃ መጠን፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልክ ጨው። ጨው ከዚህ አይብለጥ። ሰውነቱ ነድዶ ግራ ከተጋባ ወይም ከራሱ ከጠፋ በውሃ እያቀዘቀዙ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም።

ሰሙነ ሕማማትና ትንሣኤ

በሕማማት ስግደቱ ይበዛል፣ ላቡም እንዲሁ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ማታ ማታ የሚጠጣውን ውሃ ወደ 3 ሊትር ከፍ ያድርጉ፣ ምግቡ ላይ ጨው አይጉደል። አክፍሎት የሚይዙ (እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውሃ ሳይቀምሱ የሚቆዩ) ሐሙስ ማታ ንፍሮ፣ አጥሚትና ፍራፍሬ ይብሉ፤ ጨው የበዛበትና ቃጠሎ ያለው ምግብ ጥማት ስለሚያመጣ ለዚያ ሌሊት ይቅር። ዓርብ ከሰዓት ሰግደው ከጨረሱ በኋላ፣ ቅዳሜ በቀትር ፀሐይ አይጓዙ። የስኳርና የኩላሊት ሕመምተኛ ያለ ንስሐ አባቱና ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አክፍሎት አይያዝ።

ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በተልባ መጀመር የቆየ ልማድ ነው፤ ለጨጓራው ይለሰልሳል። ከዚያ አንድ እንቁላልና ሁለት ሦስት ጉርሻ ዶሮ ወጥ ይበቃል። ቁርጡና ክትፎው ለሦስተኛው ቀን ይቆይ፤ 55 ቀን ቅባት ያልለመደ ሆድ ላይ በአንድ ሌሊት ሲጫን ትውከትና ተቅማጥ ይከተላል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ስለሚያመጣ በደንብ ቢበስል ይሻላል። ከጾሙ የተረፈው ምስርና ጎመንም ለመጀመሪያው ሳምንት ከሥጋው ጎን ይቅረብ፤ በበዓል ሰሞን የሚመጣውን ድርቀት የሚከላከለው እሱ ነው።